ሲዲዎቻችንን በምን እንገልብጥ? አንዲት «ወ» የጠፋችበት ቅጂ ያስተማረችን



የዛሬው ጽሑፋችን ስለ ኮምፒዩተር ፕሮግራም ነው። «የመስጂድ ሰው ከመቼ ወዲህ ነው ስለ ሶፍትዌር የሚያወራው?» የምትሉ አትጠፉም። ግን በየቤታችሁና በየመስጂዳችሁ በካርቶን ታስሮ የተቀመጠ የቁርኣን፣ የደርስና የመንዙማ ሲዲ አለ። ማጫወቻው ከገበያ እየጠፋ ነው፤ አዳዲሶቹ ላፕቶፖችም የሲዲ መክተቻ የላቸውም። ይዋል ይደር እንጂ ወደ ኮምፒዩተር መገልበጡ አይቀርም። እኛ አንድ ጊዜ ገልብጠን ተሳስተናል። ሌላው እንዳይደግመው ብለን የሆነውን እንጽፍላችኋለን።

በመስጂዳችን ቢሮ ቁም ሣጥን ውስጥ ሦስት ካርቶን ሙሉ ሲዲ ነበረን፤ ወደ ሁለት መቶ ይጠጋል። ከፊሉ ከጅዳና ከሪያድ የተመለሱ እህቶችና ወንድሞች በሻንጣቸው ይዘው የመጡት የቁርኣን ቅጂ ነው። ከፊሉ አንዋር መስጂድ ዙሪያ የተገዛ ደዕዋና መንዙማ ነው። የቀረው ደግሞ እዚሁ ሰፈራችን ሸይኻችን ሲያቀሩ ተቀርጾ እኛው በርን ያደረግነው ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ረመዷን ሊገባ ሲል ይህን ሁሉ ወደ ፍላሽ እንገልብጠው ተባለና ከዒሻ በኋላ ተቀመጥን። ሦስት ማታ ብቻ ነው የፈጀብን። ሲዲውን ስትከት በራሱ የሚከፈት፣ ከኮምፒዩተሩ ጋር የመጣ ፕሮግራም ነበር። አንድ ቁልፍ ትጫናለህ፣ አራት አምስት ደቂቃ ትጠብቃለህ፣ «ተጠናቋል» ይልሃል፣ ቀጣዩን ትከታለህ። ሁሉም ነገር በትንሹ ተጨምቆ አንድ የ16 ጊጋ ፍላሽ ላይ ገባ። ማሻአላህ አልን። ለሒፍዝ ልጆች አባዝተን አደልን። ካርቶኖቹ ቢሮውን ስላጣበቡት ሲዲዎቹን «ለፈለገ» ብለን በተንናቸው።

ከወራት በኋላ አንዲት የሒፍዝ ተማሪ፣ ዕድሜዋ ከ12 የማይበልጥ፣ ሙራጀዓ ላይ ስትቀራ ኡስታዙ አስቆሟት። ደገመችው። እንደገና አስቆሟት። በአንቀጹ መሐል አንዲት «ወ» ትዘላለች።

«ከየት ሐፈዝሽው?» አሏት።

«ከፍላሹ ኡስታዝ፣ ከሸይኹ ድምጽ። እሳቸው እንዲህ ነው የሚሉት።»

ልጅቷ አልዋሸችም። ፋይሉን ከፍተን ሰማነው፤ «ወ»ዋ የለችም። የሚንኮሻኮሽ ነገር የለም፣ የተቆረጠ ድምጽ የለም፣ ቃሉ ከቃሉ ጋር ገጥሟል። ቃሪኡ በዓለም የታወቁ ናቸው፤ እሳቸው እንዳልተሳሳቱ እናውቃለን። ታዲያ ማን ነው ከአላህ ቃል ላይ ፊደል ያነሳው? እኛ ነን። በእኛ ፍላሽ፣ በእኛ ችኮላ። ለስንት ልጅ እንዳደልነው ስናስብ እንቅልፍ አጣን። ፍላሾቹን ቤት ለቤት እየዞርን ሰበሰብን። አንዲት እናት በር ላይ ቆመው «ምን አጠፋች ልጄ?» ሲሉን መልሱ አንደበታችን ላይ ተንቀረፈፈ።

ያን ሲዲ ፍለጋ ወጣን። የተገኘው አንድ ወንድማችን ባጃጅ ላይ፣ መስታወቱ ሥር ለጌጥ ተንጠልጥሎ ነው። ተቧጭሯል፤ ግን ፋብሪካ የታተመ ስለሆነ ፀሐዩ አልጎዳውም። አጠብነውና በሌላ ፕሮግራም፣ ከዚህ በታች በምንነግራችሁ ሞከርነው። ያ ፕሮግራም የተቧጨረው ቦታ ላይ ሲደርስ ቆመ። እያነበበ፣ እየመለሰ፣ እያነበበ አንዲቷን ትራክ ብቻ ከሃያ ደቂቃ በላይ ያዛት። ሲጨርስ ከፍተን ሰማን። «ወ»ዋ በቦታዋ ነበረች። ሲዲው ላይ ኖራ ኖሯል። የመጀመሪያው ፕሮግራም ዘሏት አልፎ ነው «ተጠናቋል» ያለን።

ይህ ለምን እንደሚሆን ትንሽ እንግለጽ። የድምጽ ሲዲ እንደ ፍላሽ ፋይል የተቀመጠበት ዕቃ አይደለም። ፊሊፕስና ሶኒ ሠርተውት በ1982 እ.ኤ.አ ገበያ ሲወጣ የታሰበው ለማጫወቻ ነው። በእያንዳንዱ ሴኮንድ 44,100 ጊዜ የተለካ ድምጽ በሁለት መስመር ተጽፎበታል፤ ይህም በሴኮንድ 75 ቁራጭ ሆኖ ይነበባል። ፋይል የሚቀመጥበት ሲዲ በየቁራጩ ስህተት ማረሚያ የሚሆን ተጨማሪ ቦታ አለው፤ ኮምፒዩተሩ ማንበብ ካቃተው «አልቻልኩም» ብሎ ይነግርሃል። የድምጽ ሲዲ ግን ይህ ተጨማሪ ማረሚያ የለውም፤ ያ ቦታ በድምጹ ተይዟል። ያለው አንደኛው የእርማት ደረጃ ሲያቅተው ድራይቩ ክፍተቱን በግራና ቀኙ ካለው ድምጽ ገምቶ ይሞላዋል፣ ወይም ቦታው ጠፍቶት ትንሽ ወደፊት ይዘላል። አድማጭ እንዳይረበሽ ተብሎ የተበጀ ነው። ለዘፈን ምናልባት ችግር የለውም። ቁርኣን ላይ ግን ግምት ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አንነግራችሁም።

ስለዚህ የፕሮግራም ምርጫ ጥያቄው «የትኛው ይፈጥናል?» ወይም «የትኛው ያምራል?» አይደለም። ጥያቄያችን አንድ ነው፦ ሲያቅተው ይነግረናል ወይስ ይደብቀናል? መድረሳ የተቀመጠ ሰው ይህን ጥያቄ አይስተውም። ዑለማዎቻችን ዘጋቢን ሲመዝኑ ጥሩ ሰው መሆኑን ብቻ አላዩም፤ ትውስታው ምን ያህል እንደሚጠብቅ፣ የተጠራጠረውን «ተጠራጥሬያለሁ» ብሎ የሚናገር መሆኑንም አይተዋል። ከየማማ ጦርነት በኋላ፣ ብዙ ቁራኦች ሸሂድ በሆኑ ጊዜ፣ ዑመር (ረ.ዐ) ሐሳቡን አቅርበው አቡ በክር (ረ.ዐ) ቁርኣን በአንድ እንዲሰበሰብ ዘይድ ኢብን ሣቢትን (ረ.ዐ) ሲያዙ፣ ዘይድ ራሳቸው ሐፊዝ ሆነው ሳለ ሁለት ምስክር ይጠየቅ እንደነበር ተዘግቧል። የኛን የሲዲ ሥራ ከዚያ ታላቅ ሥራ ጋር እኩል ማድረጋችን አይደለም፣ አዑዙ ቢላህ። ግን ጥንቃቄን የተማርነው ከዚያ ነው፤ ኮምፒዩተር ፊት ስንቀመጥ ለምን እንተወዋለን?

ወደ ፕሮግራሞቹ እንግባ።

ዊንዶውስ ላለው ሰው የኛ ምርጫ ኤግዛክት ኦዲዮ ኮፒ ነው፤ በአጭሩ ኢኤሲ ይሉታል። አንድሬ ቪትሆፍ የተባለ ጀርመናዊ የሠራው ሲሆን ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አለ። ለንግድ እስካልሆነ ድረስ ነጻ ነው። ሴኪዩር የሚባለውን አነባበብ ስትመርጡለት እያንዳንዱን ቁራጭ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ያነባል። ሁለቱ ከተስማሙ ያልፋል። ካልተስማሙ እስከ 16 ጊዜ ደጋግሞ ያነብና ስምንቱ አንድ ዓይነት ሲሆኑ ይቀበላል፤ ካልሆነም እንደገና ይጀምራል፤ በከፋ ቦታ እስከ 82 ጊዜ ይደርሳል። ያም ሆኖ ካልተሳካ የትኛው ትራክ ላይ፣ በስንተኛው ደቂቃና ሴኮንድ ላይ እንደተጠራጠረ በጽሑፍ መዝግቦ ይሰጣችኋል። እኛ የወደድነው ይህን መዝገብ ነው። ኡስታዙ ሁለት መቶ ሲዲ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ማድመጥ አይችሉም፤ ተጠርጥሯል የተባለውን ሦስት ሴኮንድ ግን ሙስሐፍ ከፍተው ያዳምጣሉ።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ብዙ ድራይቮች ያነበቡትን ለአፍታ በራሳቸው ትውስታ ይይዙታል። ፕሮግራሙ «እስቲ ድገምልኝ» ሲላቸው ሲዲውን ዳግም ሳያዩ ያንኑ ይመልሱለታል። አንድን ምስክር ሁለት ጊዜ ጠይቆ ሁለት ምስክር አገኘሁ እንደማለት ነው። ኢኤሲ መጀመሪያ ሲከፈት ድራይቩን የሚመረምረው ይህንንም ለማወቅ ስለሆነ ያን ምርመራ አትዝለሉት፤ ትውስታው አለ ካላችሁ ማስተካከያው ውስጥ ምልክት አድርጉለት።

ገጾቹ ያስፈራሉ፤ አንዋሽም። ቁልፉ ብዙ ነው፣ ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው። እኛ አንድ ወንድም አንድ ቀን ሙሉ ተቀምጦ አስተካከለውና የቀረነው የምንጫነውን ሁለት ቁልፍ ወረቀት ላይ ጽፈን ግድግዳ ላይ ለጠፍን። ከዚያ ወዲህ የ15 ዓመት ልጆችም ይሠሩበታል።

ሌሎችም አሉ። ኪው ሪፐር ከኪው ቱልስ ጋር የሚመጣ ነጻ ፕሮግራም ነው፤ ከኢኤሲ ቀለል ይላል። ማክ ያላችሁ ኤክስኤልዲ ይበቃችኋል። ሊነክስ ላይ ዊፐር አለ። በሦስቱም ላይ የሚሠራው ፍሪአክ ነው፤ ለጀማሪ ይቀላል፣ ነጻ ነው፣ ለቤታችሁ ሲዲ እንመክረዋለን። ሌላ ቅጂ ለሌለው ሲዲ ግን መዝገቡን የሚዘረዝረውን ኢኤሲን እንመርጣለን። ዲቢ ፓወርአምፕ በጣም ጥሩ ነው፤ ግን የሚሸጥ ነው።

የሚሸጥ ነው ስንል ወዲያው «ክራክ አለው» የሚል ወንድም ይነሳል። እዚሁም ተነስቶ ነበር። የቁርኣን ቅጂ ለመጠበቅ ተብሎ የሰው ላብ በስርቆት ይጫን? ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ በ1988 እ.ኤ.አ ኩዌት ላይ ባደረገው ጉባኤ የድርሰትና የፈጠራ መብት በሸሪዓ የተጠበቀ መሆኑን ወስኗል። ነጻውና የተሻለው በር ክፍት ሆኖ ሳለ በመስኮት መግባት ምን ይባላል? ይኸው ውሳኔ የምንገለብጣቸውን ሲዲዎችም ይመለከታል፦ የገዛነውን እንዳይጠፋ ለራሳችን ማስቀመጥ አንድ ነገር ነው፤ የሰውን መንዙማ ገልብጦ ቴሌግራም ላይ መልቀቅ ሌላ ነው። ሙንሺዱ በሕይወት ካሉ ደውሎ መጠየቅ አይከብድም። እኛ ደውለን «ባረከላሁ ፊኩም፣ አስቀምጡልኝ፤ እኔ ዘንድም የለም» ያሉን አሉ።

አሁን ብዙዎች ወደሚያወድሱት ነገር እንምጣ። አኪዩሬት ሪፕ የሚባል መዝገብ አለ። አንድ ትራክ ስትገለብጡ ፕሮግራሙ ከድምጹ ላይ አንድ ቁጥር ያወጣል፤ አንዲት ነጥብ ብትቀየር ቁጥሩ ይቀየራል። ያን ቁጥር ያንኑ ሲዲ በሌላ አገር፣ በሌላ ድራይቭ ከገለበጡ ሰዎች ቁጥር ጋር ያስተያያል። ሳይተዋወቁ የተስማሙ ብዙ ምስክሮች ናቸው፤ የሐዲሥ ተማሪ ሙተዋቲር የሚለውን ያስታውሰዋል። የኪው ቱልስ መዝገብ ደግሞ ከዚህም አልፎ ሲዲው ከተመዘገበ ትንንሽ ጉዳትን መጠገን ይችላል። ሱብሐነላህ ያሰኛል።

ግን ለእኛ ብዙም አልጠቀመንም! ሸይኻችን በሰፈራችን ያቀሩትን ደርስ በጀርመን ማን ገለበጠው? በእጅ በርን የተደረገ ሲዲ እዚያ መዝገብ ላይ የለም። ፕሮግራሙ «አልተገኘም» ሲላችሁ አትደንግጡ፤ «ተበላሽቷል» ማለቱ አይደለም። የእኛ መንገድ ይህ ነው፦ ኢኤሲ ውስጥ ቴስት ኤንድ ኮፒ የሚል አማራጭ አለ። ትራኩን ሁለት ጊዜ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያነብና ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያሳያችኋል። ለከበደው ሲዲ ደግሞ ሌላ ሰው ድራይቭ እንዋሳለን፤ በሁለት የተለያዩ ድራይቮች ገልብጠን ፕሮግራሙ እንዲያመሳስላቸው እናደርጋለን። ይህን ስታደርጉ የድራይቮቹ ኦፍሴት የሚባለው መስተካከል አለበት፤ አለዚያ ጤነኛው ቅጂም የተለያየ ይመስላል። ከዚህ ውጭ ኦፍሴት ላይ ሌሊት ሙሉ የሚከራከሩ ወንድሞች አሉ፤ የሴኮንድ ሽራፊ መጀመሪያው ላይ ቢቀድም ቢዘገይ ደርስ አይጎድልም፤ ዕረፉ።

በምን ዓይነት ፋይል ይቀመጥ? እዚህ ላይ ነው ሁለተኛው ስህተታችን።

ሸይኻችን (አላህ ይዘንላቸው) ከማለፋቸው በፊት ቱሕፈቱል አጥፋልን ያቀሩበትና ስለ ፊደላት መውጫና ባሕርይ ያስረዱበት ደርስ በ11 ሲዲ ተቀርጾ ነበር። ከመካከሉ አንዱ ላይ ሲንን፣ ሷድንና ሣን እየለዩ ደጋግመው ያሰማሉ። ሲን እንዴት እንደሚያፏጭ፣ ሷድ እንዴት እንደሚወፍር፣ ሣ ምላስ ጥርስ ጫፍ ላይ ሲደርስ እንዴት እንደሚለሰልስ። እሳቸው ዘንድ የተቀመጠ ደረሳ የአፋቸውን ቅርጽ እያየ ነው የተማረው፤ ለእኛ የቀረን ድምጹ ብቻ ነው። ያን ሲዲ እኛ በመጀመሪያው ዙር በትንሹ ኤምፒ3 ጨመቅነው። ኤምፒ3 ቦታ የሚቆጥበው ጆሮ ብዙም አያጣውም ያለውን ድምጽ እየጣለ ነው፤ በጣም ሲጨመቅ ቀድሞ የሚጣለው ደግሞ ቀጭኑ፣ የሚያፏጨው የድምጽ ክፍል ነው። ስናዳምጠው ሸይኻችን «ይህ ሲን ነው፣ ይህ ሣ ነው» ይላሉ፤ ሁለቱም ከጆሮ ሲደርሱ አንድ ዓይነት ሽው የሚል ነገር ናቸው። ሊያስተምሩ የፈለጉትን ልዩነት እኛ አጥፍተነዋል።

ፍላክ ግን ምንም አይጥልም። ዕቃን አጣጥፎ ሻንጣ ውስጥ እንደማስገባት ነው፤ ስትዘረጋው ያው ዕቃ ነው። ሎስለስ የሚባለው ይህ ነው። ከ2001 እ.ኤ.አ ጀምሮ በነጻ የሚገኝ፣ የማንም ኩባንያ ንብረት ያልሆነ፣ በ2024 እ.ኤ.አ ደግሞ ዓለም አቀፍ የኢንተርኔት ደረጃ ሆኖ የወጣ ነው። ነገ አንድ ድርጅት ቢዘጋ ፋይላችን አብሮ አይዘጋም። የአይፎን ሰዎች የሚጠቀሙበት አላክም ድምጽ አይጥልም፤ አንጣላውም፤ ለመስጂድ ግን ፍላክ ይሻላል እንላለን። ሌላም ጥቅም አለው፦ ፋይሉ ውስጥ የድምጹን አሻራ ይዞ ይቀመጣል። ከአምስት ዓመት በኋላ ሃርድ ዲስኩ ፋይሉን አበላሽቶት እንደሆነ በአንድ ትዕዛዝ መመርመር ይቻላል።

ቦታ ይበላል? ይበላል። የ74 ደቂቃ ሲዲ ሳይጨመቅ 780 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ በፍላክ ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ የአንድ ሰው ድምጽ ብቻ ሲሆን ብዙ ጊዜ ከዚያም ያነሰ ነው። ሁለት መቶውን ሲዲ በ400 ብንመታው 80 ጊጋ ነው። ዛሬ አንድ ወጣት ለኳስ ጨዋታ ቪዲዮ ብቻ ስልኩ ላይ የሚይዘው ስንት ነው? ለልጆች ስልክ ኤምፒ3 ካስፈለገ ከፍላኩ አውጥታችሁ ስጡ፤ ዋናው ተቀምጧልና።

ፍላክ ግን ተአምር አይሠራም። ደርሱ በካሴት ተቀርጾ የሚሸሽ ከሆነ ሽሽታውን ጭምር አሳምሮ ያስቀምጥላችኋል። ገበያ ላይ «30 ጁዝ በአንድ ሲዲ» ተብሎ የተሸጠው ደግሞ ከመጀመሪያው ኤምፒ3 ነው። ሙሉ ቁርኣን ተርቲል ሃያና ከዚያ በላይ የድምጽ ሲዲ ስለሚሞላ በአንድ ሊገባ አይችልም። እንዲህ ያለውን ሲዲ ፋይሉን ኮፒ ማድረግ ብቻ ነው፤ ወደ ፍላክ መለወጥ ውሃ የገባበትን ወተት በትልቅ ጣሳ እንደማስቀመጥ ነው።

«ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ሁሉም ዩቲዩብ ላይ አለ» ያሉን ወንድሞች ነበሩ፤ ግማሽ እውነት አላቸው። ሸይኽ ማሕሙድ ኸሊል አልሑሰሪ በ1961 እ.ኤ.አ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ቁርኣንን በተርቲል ሲያስቀርጹ፣ ሐሳቡን ያነሱት ለቢብ አስሰዒድ የፈለጉት ትክክለኛው አቀራር በድምጽ ተጠብቆ ለሁሉም እንዲደርስ ነበር፤ አልሐምዱሊላህ ደርሷል። የእሳቸውን ወይም የሸይኽ ዐብዱልባሲጥን ቅጂ ከተቧጨረ ሲዲ ለማውጣት ሌሊት አትደሩ፤ ከታመነ ምንጭ ውሰዱ። «ወ» የጠፋችበትንም በመጨረሻ ያረምነው ሌላ ንጹሕ ቅጂ ጋር አመሳክረን ነው። ልፋታችሁን ሌላ ማንም ለሌለው አድርጉት። የሰፈራችሁ ሸይኽ ደርስ፣ ያለፉ ሙንሺድ መንዙማ፣ የመስጂዳችሁ ምረቃ ዕለት የተደረገው ዱዓ፤ ይህ ዩቲዩብ ላይ የለም። ከእነዚህ ጀምሩ። በእጅ በርን የተደረገ ሲዲ ቀለሙ በፀሐይና በሙቀት እየሞተ ስለሚሄድ ወረፋው የእሱ ነው።

አያያዙን በአጭሩ፦ ሲዲውን ለስላሳ ጨርቅ ከመሐል ወደ ዳር ቀጥ አድርጋችሁ ጥረጉ፤ እያዞራችሁ አትጥረጉ። ጽሑፍ ያለበት ጎን ይበልጥ ይጎዳል፤ የሚያንጸባርቀው ንጣፍ ከሥሩ ነው ያለው። ስም የማውጣቱን ሥራ ለነገ አታሳድሩ። የኛ የመጀመሪያ ፍላሽ «ትራክ 1፣ ትራክ 2» የሚል ፋይል ሞልቶት ነበር፤ የትኛው ሸይኽ፣ የትኛው ኪታብ እንደሆነ የሚያውቁ አንድ አረጋዊ ብቻ ነበሩ። አሁን ሸይኹን፣ ኪታቡን፣ ቦታውን፣ ዓመቱንና የሲዲውን ቁጥር እንጽፋለን። ሁለተኛው ሃርድ ዲስክ ከመስጂዱ ውጭ፣ ሌላ ሰፈር ተቀምጧል። ሲዲዎቹን ደግሞ ከገለበጥንም በኋላ አንጥላቸውም፤ ይህን ትምህርት የከፈልንበት ስለሆነ።

ከሸይኻችን 11 ሲዲዎች አሥሩን መልሰን ሰብስበናል። ሁለቱ ከባድ ነበሩ፤ አንዱ በተዋስነው ድራይቭ ነው የተነበበልን። የቀረው ሰባተኛው ነው፤ የሲንና የሣው ደርስ ያለበት። መስኮት ላይ ከርሞ ቀለሙ የጠፋ አንድ ቅጂ አግኝተን ነበር፤ የትኛውም ድራይቭ አላነበበውም። እኛ ዘንድ ያለው ያ በትንሹ የጨመቅነው ፋይል ብቻ ነው።

ያኔ ወደ አርባ ቅጂ በርን ተደርጎ ለጀማዓው ታድሏል። ነጭ ሽፋን ነው፤ ላዩ ላይ በሰማያዊ ማርከር «ተጅዊድ 7» ተብሎ በዐረብኛ ፊደል ተጽፎበታል። ቤታችሁ ቁም ሣጥን ላይ፣ የወላጆቻችሁ መጽሐፍ መደርደሪያ ውስጥ፣ ወደ ሌላ ከተማ የሄደ ወንድማችሁ ዕቃ መሐል ፈልጉልን። የተቧጨረም ቢሆን አትጣሉት፣ ለመክፈትም አትሞክሩ፤ እንዳለ አምጡልን። ከዐስር በኋላ ሁልጊዜ ቢሮው ክፍት ነው፤ ድራይቩም ተሰክቶ ነው የሚውለው።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።